የባሕር በራችን ጉዳይ ከደብረ ሲና ሲታይ



ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ በሠራው ዋሻ ያልፍና በጭጋግ ውስጥ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ይህ መንገድ በአካባቢያችን አረጋውያን ዘንድ ዛሬም «የአሰብ መንገድ» ነው። በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ፣ ቡሬን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 880 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቀይ ባሕር ዳር ይደርስ ነበር። ዛሬ ቡሬ ላይ ተዘግቷል። የመንገዱ ስም ቀረ እንጂ መድረሻው የለም።

ደብረ ሲና ከዚህ መንገድ ጋር ያደገች፣ ከዚህ መንገድ ጋር የከሳች ከተማ ናት። ቆሎ ቋጥረው በመኪና መስኮት የሚሸጡት እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ ለሹፌርና ለረዳት አልጋ የሚያከራዩት፣ ጎማ የሚለጥፉት፣ ሻይ ቤቱም ምግብ ቤቱም የሚኖሩት በሚያልፈው መኪና ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ከተሠራ ወዲህ ወደ መሐል ሀገር የሚመጣው የአሰብ ከባድ መኪና አብዛኛው የጣርማ በርን ዳገት ሸሽቶ በበረሃው በኩል መጓዝ ጀምሮ ነበር። ተርፎ በዚህ በኩል ይመጣ የነበረው የአሰብ ጭነትም በ1990 ዓ.ም. ቡሬ ሲዘጋ አብሮ ቆመ። ስለዚህ ስለ ወደብ ለደብረ ሲና ሰው ስንናገር የማያውቀውን ነገር ልናስተምረው አይደለም።

ታዲያ ይህን ጉዳይ በምርጫ ማኒፌስቷችን ውስጥ ለብቻው ማንሳት ለምን አስፈለገ? በእኛ እምነት ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ በየሱቁ የምንከፍለው ዋጋ አንዱ ክፍል የሚወሰነው ወደብ ላይ ነው። ሁለተኛና ከባዱ፣ በአሁኑ ጊዜ ስለ ባሕር በር የሚነገረው ንግግር ልጆቻችንን ወደ ጦር ግንባር ሊወስድ የሚችል በመሆኑ ነው። አንድ ፓርቲ ድምፅ ሲጠይቅ በዚህ ጉዳይ ላይ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ሊናገር ይገባል።

ወደ ባሕር መውጣት ለሸዋ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ከዛሬ 180 ዓመት በፊት፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። ከሐረርና ከአፋር ወገን የሚመጣው ነጋዴ እዚያ ይገናኛል፤ ከታጁራ የሚነሳው የግመል ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ ጨርቁን፣ ጨውንና የጦር መሣሪያውን ያመጣል፤ ከዚህ የተጫነው በዚያው መንገድ ይመለሳል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውለዋል። ልብ በሉ፦ ሣህለ ሥላሴ ታጁራን አልያዙም። ታጁራ የራሷ ሱልጣን ነበራት። ሸዋ ግን በአፋር መሪዎችና በባሕሩ ዳር ሰዎች ስምምነት፣ ቀረጡን እየከፈለ ወደ ባሕር ይወጣና ይገባ ነበር። ወደብን መጠቀምና ወደብን መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አያቶቻችን ያለ ዓለም አቀፍ ሕግ መጽሐፍ ያውቁት ነበር።

የአሰብ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። አሰብን በ1862 ዓ.ም. ከአካባቢው ሱልጣኖች ገዛሁ ያለው ሩባቲኖ የተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ነው፤ በ1874 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ አሰብ ተስፋፋ፤ ነዳጅ ማጣሪያ ተተከለበት። በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት መርከቦች ሰንደቅ ዓላማችንን ይዘው ይገቡበትና ይወጡበት ጀመር። ከ1990 ዓ.ም. በፊት የሀገራችን የውጭ ንግድ አብዛኛው ክፍል ያልፍ የነበረው በአሰብ ነው።

ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ኤርትራ ነጻ ሀገር ሆነች። የኤርትራ ሕዝብ የወሰነውን እናከብራለን፤ ዛሬም ኤርትራ ሉዓላዊ ሀገር መሆኗን አንጠራጠርም። ጥያቄያችን ያንጊዜ በአዲስ አበባ ሥልጣን ላይ የነበረውን መንግሥት የሚመለከት ነው። ሁለት ሀገሮች ሲለያዩ ስለ ባሕር በር አጠቃቀም ጽኑ፣ ለረዥም ዘመን የሚቆይና በሦስተኛ ወገን የሚጠበቅ ውል ማሰር የማንም አስተዋይ መንግሥት ተግባር ነበር። የተደረገው ግን በሁለት የትግል ጓዶች መተማመን ላይ የቆመ የወደብ አገልግሎት ስምምነት ነው። ጓዶቹ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ሲጣሉ ስምምነቱ አብሯቸው ሞተ። በዚያ ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሁለቱም ወገን አለቁ። ጦርነቱን የዘጋው የታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የአልጀርስ ስምምነትም ድንበሩ በቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 በተፈረሙት፣ እንዲካለል የሚል ነበር። ያን ያህል ሕይወት ተከፍሎበት፣ የባሕር በር አጠቃቀም የሚለው ጥያቄ በስምምነቱ ውስጥ መልስ አላገኘም።

ከዚያ በኋላ የነገሩን፣ ወደብ በገንዘብ የሚገዛ አገልግሎት ስለሆነ መጨነቅ አያስፈልግም የሚል ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ወደብ በርግጥ በገንዘብ የሚገዛ አገልግሎት ነው። ነገር ግን ሻጩ አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋውን የሚቆርጠው ሻጩ ነው። ይህን የማያውቅ የገበያ ሰው በደብረ ሲና የለም።

ስለ ራሳችንም እንናገር። በ1997ቱ ምርጫ የወደብ ጉዳይ በየመድረኩ ሲነሳ፣ እኛ በተቃውሞው ጎራ የተሰለፍን ሰዎች የአሰብን ስም እየጠራን ብዙ ጭብጨባ አግኝተንበታል። እንዴት፣ በምን ሕግ፣ በስንት ወጪ ብሎ የጠየቀንን ግን አጥጋቢ መልስ አልሰጠነውም። የዛሬው ጽሑፍ ያንን ዕዳ ለመክፈልም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ በዓለም ላይ የባሕር በር ከሌላቸው ሀገሮች ሁሉ በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያዋ ናት። የውጭ ንግዳችን ከመቶ ከ90 እጅ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ከውጭ የመጣ አንድ ኮንቴይነር መርከብ ላይ ሲወርድ የማውረጃ ይከፈልበታል፤ ነጻ ከተሰጠው ቀን በላይ ከቆየ የማስቀመጫ ይከፈልበታል፤ ኮንቴይነሩ ባዶውን ቶሎ ካልተመለሰ ለመርከቡ ባለቤት ቅጣት ይከፈላል፤ ከዚያ በመኪና ወይም በባቡር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ እዚያም ጉምሩክ ይጠብቀዋል። እያንዳንዱ ቀን ገንዘብ ነው፤ የወደቡና የመርከቡ ሒሳብ ደግሞ የሚከፈለው በዶላር ነው። መንግሥት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያውን ሲለቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሲገባ፣ ይህ ሁሉ ሒሳብ በብር እጥፍ ሆነ። ነጋዴው ከኪሱ አይከፍለውም፤ አይችልምም። በቆርቆሮው፣ በጎማው፣ በመድኃኒቱ፣ በዘይቱ ላይ ጨምሮ ለእናንተ ያስተላልፈዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሌላኛው ወገን ነው። በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ቆላ የሚመረተውን ማሾ ውሰዱ። ማሾ ለወጥ ብቻ የሚዘራ እህል መሆኑ ቀርቶ ወደ እስያ ገበያ የሚጫን ሸቀጥ ከሆነ ቆይቷል። የውጭው ገዢ የሚከፍለው ዋጋ በዓለም ገበያ የተቆረጠ ነው፤ የእኛን መንገድ ርዝመት አይቶ አይጨምርም። ላኪው የመኪናውን፣ የመጋዘኑን፣ የወደቡንና የመርከቡን ሒሳብ ከዚያ ላይ ቀንሶ የቀረውን ነው ለገበሬው የሚያቀርበው። ስለዚህ ወደብ ሲወደድ፣ የሚገባው ዕቃ ላይ ይጨመርብናል፤ ከሚወጣው ዕቃ ላይ ደግሞ ይቀነስብናል። ማሾውን የሸጠው ገበሬ በተቀነሰለት ገንዘብ፣ በጅቡቲ ወደብ በጆንያ ተሞልቶ የመጣውንና የተጨመረበትን ማዳበሪያ ይገዛል። ሁለት ጊዜ ይመታል ማለት ነው።

ሦስተኛም ሒሳብ አለ፤ ይህኛው የሀገር ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የመርከቡ፣ የደረቅ ወደቡና የትራንዚቱ ሥራ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሥር ተጠቃለለ። ዓላማው ቅልጥፍና ነበር ተባለ። ወዲያው የታየው ግን በጅቡቲና በሞጆ የኮንቴይነር ክምችት ነው። በቅርብ ዓመታት ለጥቂት የግል ድርጅቶች ፈቃድ መሰጠቱ በጎ ጅምር ነው፤ ቢሆንም ዘግይቷል፣ ጠቧልም። በጎረቤት ወደብ ሞኖፖል የምናማርር ሰዎች በገዛ ቤታችን ለገነባነው ሞኖፖል ዝም ካልን እንታዘባለን።

በዚህ ሁሉ ላይ የገዢው ፓርቲ መልስ ምን ነበር? ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ሰላም ሲወርድ እኛም ደስ ብሎን ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ ሀገሮች መሪዎች በቡሬ ተገኝተው ድንበሩ ሲከፈት፣ የአሰብ መንገድ ተመልሶ ሕይወት ሊዘራ ነው ያላለ ሰው በዚህ አካባቢ አልነበረም። ከወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ? ቀረጡ፣ ገንዘቡ፣ የመኪናው ፈቃድና ኢንሹራንሱ በምን ሥርዓት እንደሚሄድ የሚገልጽ ለሕዝብ የወጣ የንግድ ውል ስላልነበረ ነው ብለን እናምናለን። በ1985 የተሠራው ስህተት በ2011 ተደገመ። መሪዎች ተቃቀፉ፤ ሰነድ አልነበረም።

በርበራም እንዲሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከወደቡ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ ተነገረን፤ በ2014 ዓ.ም. የሶማሌላንድ ባለሥልጣን ኢትዮጵያ ግዴታዋን ስላልፈጸመች ድርሻዋን እንዳጣች ተናገሩ። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ጉዳይ በአደባባይ አነሱ፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሶማሊያ ተቆጣች፤ ግብጽ ከሞቃዲሾ ጋር ወታደራዊ ስምምነት አደረገች፤ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአንካራ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። የመግባቢያ ሰነዱን ሙሉ ቃል ሕዝብ አላየውም። ለአንድ ሱቅ ኪራይ እንኳ ውሉን ሳያነብ የሚፈርም የለም፤ ለ100 ሚሊዮን ሕዝብ የባሕር በር ግን ውሉን አሳዩን ማለት እንደ ነውር ተቆጥሯል።

ቀጥሎ የመጣው የቃላት ጦርነት ነው። አሰብን በኃይልም ቢሆን እናስመልሳለን የሚሉ ድምፆች በየመድረኩ በዝተዋል። እዚህ ላይ አቋማችንን ያለ ማለባበስ እናስቀምጣለን። ፓርቲያችን ለወደብ ሲባል የሚደረግ ጦርነትን በምክር ቤት አይደግፍም፤ በጀቱንም አያጸድቅም።

ይህን የምንለው ስለ ሰላም መስበክ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። እስቲ እንደ ነጋዴ እናስበው። አሰብ የተሠራው በዘመኑ ለነበሩት መርከቦች ነው፤ ለዛሬዎቹ ግዙፍ የኮንቴይነር መርከቦች ጥልቀቱም የማንሻ መሣሪያውም አይበቃም። ማጣሪያው በ1989 ዓ.ም. ተዘግቷል። ወደቡ ከጦርነቱ ወዲህ ይህ ነው የሚባል ንግድ አላስተናገደም፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለዓመታት የዓረብ ኤምሬቶች የጦር ሰፈር ነበር። በአንጻሩ በ2001 ዓ.ም. በጅቡቲ የተከፈተው የዶራሌ ኮንቴይነር ወደብ 18 ሜትር ጥልቀት አለው። ጥልቀት ማለት ምንድን ነው? ጥልቅ ወደብ ትልቅ መርከብ ይቀበላል፤ ትልቅ መርከብ ብዙ ኮንቴይነር ስለሚጭን የእያንዳንዱ ኪራይ ይረክሳል። ጥልቀት የሌለው ወደብ በትንንሽ መርከብ ከሌላ ወደብ እየተገለበጠ ነው የሚሠራው፤ ይወደዳል። ስለዚህ አሰብ ነገ በእጃችን ቢገባ እንኳ፣ ማሾ ለመጫን የሚበቃ ወደብ የሚሆነው ባሕሩ ተቆፍሮ፣ ክሬን ተተክሎ፣ መንገዱ ታድሶ ነው። ይህን ገንዘብ የሚያበድር ባንክ፣ ዕቃውን የሚያስገባ የመርከብ ድርጅትና ኢንሹራንስ የሚሸጥ ኩባንያ ደግሞ በጦር በተያዘ ወደብ ዝር አይልም። በሕዳር 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ፣ ታላላቆቹ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው መሄድ መምረጣቸውን አይተናል። መርከብ ጥይት ካለበት ይሸሻል።

በጦርነቱ የሚከፈለውን ሕይወት ወደ ሒሳቡ አላስገባንም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ያለቀውን ወጣት፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ይዞ እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ የተሰደደውን ሕዝብ እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ምን እናድርግ ነው የምንለው? ከኤርትራ ጋር በአሰብ አጠቃቀም ላይ መደራደር ይገባል፤ ድርድሩም በንግድ ቋንቋ መሆን አለበት። ኤርትራ ሥራ የፈታ ወደብ አላት፤ እኛ ወደብ የሚፈልግ ጭነት አለን። የዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 125 ባሕር አልባ ሀገሮች ወደ ባሕር የመድረስና ዕቃ የማሳለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ዝርዝሩን ግን ለሀገሮቹ ስምምነት ይተወዋል። ይህ አንቀጽ የመደራደሪያ መሠረት ነው፣ የዘመቻ አዋጅ አይደለም። ይህ ድርድር ዛሬ ተጀምሮ ነገ ያልቃል ብለን አንዋሽም፤ በሁለቱ ዋና ከተሞች ያለው የፖለቲካ አየር እስኪለወጥ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

እስከዚያ ድረስ አንድ በር ላይ ብቻ መቆም መቅረት አለበት። ኡጋንዳ እንደ እኛ ባሕር የላትም፤ ነገር ግን በአንድ በኩል ሞምባሳ፣ በሌላ በኩል ዳሬሰላም አላት፤ አንዱ ሲወደድ ወደ ሌላው ፊቷን ታዞራለች። የጅቡቲ መንግሥት በየካቲት 2010 ዓ.ም. ዶራሌን ከዱባዩ ኩባንያ ሲነጥቅ፣ የእኛ ዕቃ የሚያልፍበት በር የሌሎች ሰዎች ክርክር ሜዳ ሆኖ ነበር፤ የምንዞርበት ሌላ በር አልነበረንም። ጅቡቲ ወዳጃችንና ዋናው በራችን እንደሆነች ትቀጥላለች። ለምሥራቁ በርበራ፣ ለደቡቡ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኬንያው ላሙ፣ ለወሎና ለሰሜን ሸዋ ደግሞ ታጁራ አለ። አዎን፣ ያው የአልዩ አምባ ነጋዴ ታጁራ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ አብዛኛው ተሠርቶ ኃይል ሳያገኝ ቆሟል፤ በጦርነቱም ተጎድቷል። ለአዲስ አበባ መብራትና ለሕንፃ ውበት ገንዘብ የተገኘለት መንግሥት ይህን ሐዲድ ጨርሶ ከወደብ ማገናኘት አቃተው ቢባል ማን ያምናል?

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበውን እንናገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ይህ የእኛ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ፣ ስንት ሹፌር እንደታገተ፣ በየኬላው ስንት ብር እንደተከፈለ ቁጥሩን ከእኛ አትጠብቁ፤ በዚህ መስመር የሚሠራ ሹፌር ጠይቁ። ጭነት ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት መድረስ ካልቻለ ወደቡ አሰብ ሆነ ታጁራ ለደብረ ሲና ልዩነት የለውም። የባሕር በርን የሚፈልግ መንግሥት መጀመሪያ የጣርማ በርን ይክፈት። ይህም የሚሆነው በተጨማሪ ጦር አይደለም፤ ከታጠቁት ወገኖቻችን ጋር በሚደረግ እውነተኛ የፖለቲካ ድርድር ነው። በማኒፌስቷችን የሰላም ክፍል በዝርዝር ስላስቀመጥነው እዚህ አንደግመውም።

በምክር ቤት መቀመጫ ካገኘን በመጀመሪያው የሥራ ዓመት ሁለት ረቂቅ እናቀርባለን። አንደኛው ማንኛውም የወደብ፣ የባቡርና የትራንዚት ውል ከመጽደቁ በፊት ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ እንዲወጣ የሚያስገድድ ነው፤ እስካሁን የተፈረሙትም ይጨመሩበታል። ሁለተኛው የኮንቴይነር ማጓጓዝንና የደረቅ ወደብን ሥራ ለውድድር የሚከፍት፣ ላኪና አስመጪም በገዛ ምርጫው እንዲያስጭን የሚፈቅድ ነው። ድምፃችሁን ሊጠይቅ የሚመጣውን እጩ ሁሉ፣ የእኛም ቢሆን፣ «ለወደብ ጦርነት የሚፈቅድ አዋጅ ቢቀርብልህ እጅህን ታወጣለህ ወይስ አታወጣም?» ብላችሁ በስብሰባ ላይ፣ ሰው በሰማበት ጠይቁት። የኛው እጩ መልሱን ካድበሰበሰባችሁ ለጽሕፈት ቤታችን ንገሩን።